ጀርባቸውን ለወፏ የሚሰጡት አዛውንት

ሰፈሩ በሻይ ቤት ተሞልቶ ሳለ፣ አዛውንቱ የሚመጡት እዚህ ብቻ ነው። ከገንዘብ ተቀባይዋ ራስጌ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ አንዲት ትንሽዬ የተራራ ጫካ ወፍ ተሰቅላለች። ቀኑን ሙሉ ስትዘምር ትውላለች። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።

የደንብ ካፖርታቸው ነትቧል፤ ከክንዱ ላይ ምልክቱ ተነቅሎ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ሻይ ሲያዙ እንኳ መዳፋቸውን ከአፋቸው ላይ አያነሱም።

«አባባ፣ ዛሬም ጥርስዎን ነው?» ትላቸዋለች ገንዘብ ተቀባይዋ። በመዳፋቸው ውስጥ ይስቃሉ።

እኔ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«የጫካ ጠባቂ ነበርኩ» አሉኝ። «እንደ ወፏ ያሉት፣ ሳፏጭላቸው ወርደው ትከሻዬ ላይ ያርፉ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፉጨቴን በስልኩ ቀዳ። እኔ በሌለሁበት፣ ቅርንጫፉን ሙጫ ቀብቶ የቀዳውን ፉጨት ከፈተላቸው። ግር ብለው መጡ፤ ለቅሞ ሸጣቸው።»

«ወንድም ተብዬ!» አልኩ ንድድ ብሎኝ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፣ አይደል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፋቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱና ቀስ ብለው አፏጩ። ወፏ መዝሙሯን አቋርጣ ወደ ጥግ ሸሸች፤ እዚያው ተኮራምታ ቀረች።

«አየህ ልጄ፣ ወንድሜንማ መች ታውቀዋለች?» አሉኝ፣ ዞር ብለው ሳያዩዋት። «እሷ ያመነችው ፈረስ እኔ ነኝ።»