የወይዘሮ ቦሰና ምራት እንቅልፍ

ወይዘሮ ቦሰና በልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጌሾ ቸርቻሪ ነበሩ። ባላቸው ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም፤ የቀሯቸው አናጢው ልጃቸው አስመላሽና ምራታቸው ወለተሃና ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ወለተሃና ወንድ ልጅ ስትገላገል፣ ወይዘሮ ቦሰና ከደስታቸው ብዛት ገበያውን እርግፍ አድርገው ትተው አራስ ጠባቂ ሆኑ። ገንፎ አገነፉ፣ ቅቤ አነጠሩ፣ እንደ ደንቡም ሰይጣን አራሷን እንዳይተናኮል ከትራሷ ሥር ቢላዋ አኖሩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና አለፉ። ከዚያ ከወለተሃና ዓይን እንቅልፍ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ በጣም የሚያስገርም ነውና። አራስ ሁሉ እንቅልፍ ያጥራታል፤ ሕፃኑ ይቀሰቅሳታል፣ ሲተኛላት ግን እሷም ሸለብ ያደርጋታል። ወለተሃና ሕፃኑ ለጥ ብሎ ተኝቶ እንኳ ዓይኗ እንደፈጠጠ ይነጋል። ድካም ደግሞ የለባትም። ትስቃለች፣ ወዲያው ታለቅሳለች፤ ያነሳችውን ወሬ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፤ ማንም ላልሰማው ድምፅ መልስ ትሰጣለች።

ወይዘሮ ቦሰና አንዱም አላመለጣቸውም። የተረጎሙት ግን በሚያውቁት ነው፦ ሰይጣኑ ከቀረባት ብረቱ አንሷል ማለት ነው። በቢላዋው ላይ ማጭድ ጨመሩ። ባሰባት። መጥረቢያ ጨመሩ።

«እማዬ፣ እኔ ታዲያ በምን ልጥረብ?» አለ አስመላሽ።

«እሷ እስክትድን በጥርስህ!»

አንድ ጠዋት ክር ነጋዴዋ ጎረቤታቸው ዘኪያ አጥሚት ይዛ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ከማለቷ ብረት ጎርብጧት ብድግ አለች።

«እትዬ ቦሰና፣ አራስ ነው የሚጠብቁት ወይስ ብረት ቀጥቃጭ ሆኑ?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ለእሷው ብዬ ነው።»

ዘኪያ ልትስቅ ነበር። ወለተሃና ግን ሕፃኑን እያየች፣ በጣም በረጋ ድምፅ፣ «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «የኔን ወስደውታል። ይሄን ከመለስሽልን ያንቺን እንሰጥሻለን ብለውኛል።»

«በምን ትመልሽላቸዋለሽ፣ የኔ እህት?»

የወለተሃና እጅ ወደ ትራሱ ሥር ሄደ። ዘኪያ ቀደመቻት፤ ሕፃኑን አንስታ ለአያቱ አስታቀፈችና ወይዘሮ ቦሰናን ጠጋ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦

«እኔንም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ልጄ እባብ ሆኖ ነበር የሚታየኝ፤ ወላሂ አይቼዋለሁ! በሽታ ነው፣ ይድናል። ያዳነኝ ኦልጅራ ነው፤ አስመላሽ ሄዶ ይጥራው። ብረቱ ግን አሁኑኑ ይውጣ።»

ወይዘሮ ቦሰና ጭንቅ ያዛቸው። ብረቱ ከወጣ አራሷን ለሰይጣን አሳልፎ መስጠት ሆነባቸው። ካልወጣስ? ያች እጅ ስትሄድ በዓይናቸው አይተዋል። በመጨረሻ ሕፃኑን ለዘኪያ ሰጥተው ብረቱን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ በአሮጌ ኩታ ጠቀለሉ፣ ከወገባቸው ጋር በመቀነት ጠፍረው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ሰይጣን በበር ነው የሚገባው። እስቲ እኔን አልፎ ይግባ!»

ኦልጅራ ከጦርነቱ በፊት የሚሲዮን ሐኪም ቤት ረዳት ነበር፤ አሁን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከቤቱ ሆኖ ሰው ያክማል። ሲደርስ እንደታጠቁ አገኛቸው።

«እማማ፣ ትጥቅ ፍቱ የሚል አዋጅ ወጥቷል እኮ።»

«ለጣሊያን አይደለም ልጄ፣ ለሰይጣን ነው።»

«እንግዲያውስ ከዚያው አይነሱ» አለና ገባ።

ሥራው ደስ የሚል ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ትኩሳቷን ለካ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ትኩሳትም ሰውን ያስቃዣልና፣ ያ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ትኩሳት የለም። ቀጥሎ ድምፁ ምን እንደሚላት፣ ራሷን ወይም ሕፃኑን ጉጂ ይላት እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቃት። ወይዘሮ ቦሰና ክፉ ሐሳብ የሚያስተምራት መስሏቸው ደነገጡ፤ እሱ ግን ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ የተደበቀውን እንደሚያወጣ አስረዳቸው።

ከዚያ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጣትና ለቤተሰቡ ነገራቸው፦ «ከእንቅልፏ የሚቀድም ነገር የለም። ማታ ሕፃኑ የተፈላ የላም ወተት ይጠጣ። ሴቶቹ እየተፈራረቁ ይጠብቋት፤ ከሕፃኑ ጋር ለአፍታም ብቻዋን አትሁን። ሰማሁ ስትል አትሟገቷት። ጠበል ከፈለጋችሁ እዚሁ አምጡላት፤ ግን እንዳትታሰር፣ ምግብም እንዳትከለከል።»

ዘኪያና ወይዘሮ ቦሰና ተፈራረቁ። ኦልጅራም እየተመላለሰ አያት። እንቅልፉ ተመለሰ፤ ድምፆቹ ግን በአንዴ አልሄዱም። ደህና ናት ሲሏት እንደገና ሕፃኑን አላየውም ያለችበት ቀን ነበር፣ ወይዘሮ ቦሰናም ያን ቀን እህል አልቀመሱም። በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ልጄ ርቦታል እኮ! ምነው አታመጡልኝም?»

ልጄ አለች። ወይዘሮ ቦሰና ሕፃኑን አስታቀፏትና አጠገቧ ተቀምጠው፣ ጠብቶ እስኪጠግብ አለቀሱ።

ኦልጅራ በሽታው በሚቀጥለው ወሊድም ሊመለስ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ወለተሃና ሁለተኛዋን ስታረግዝ ማን እንደሚጠብቃት ራሷ መረጠች፤ ወልዳ እንቅልፍ ሲያምፅባት በመጀመሪያው ቀን ኦልጅራ ተጠራ፣ ነገሩም ሳይብስ ቀረ።

ወይዘሮ ቦሰና ልደታ ማርያምን ሲሳለሙ የዘኪያንና የኦልጅራን ስም ሳይጠሩ አይመለሱም ነበር። ዘኪያ ይህን ሰምታ ሳቀች።

«እትዬ፣ እኔ እስላሟን ማርያም በምን ታውቀኛለች?»

«ባታውቅሽ ያን ጠዋት አንቺን ትልክልኝ ነበር?» አሏት።