ፓምፑ የተበላሸ ሳምንት

ዓለም ጤና ከተማ አቅራቢያ የሽንኩርት አምራቾች ማህበራችን የመስኖ ፓምፕ ሲበላሽ፣ አመራሮቹ በሙሉ አዳማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የአመራር ስልጠና ላይ ነበሩ። መካኒኩ መለዋወጫ ግዙ አለን። ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ ግን ብሎን እንኳ አይገዛም፤ ሲሄድ ደግሞ በእሱ ቦታ የሚፈርም ሰው አልወከለም።

ደወልኩለት። “ሽንኩርቱ እየደረቀ ነው” አልኩት።

“ስልታዊ እቅድ እያወጣን ነው፤ ስንመለስ እንነጋገራለን” ብሎ ዘጋብኝ።

ሲመለሱ ማሳችን ገለባ ሆኖ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰብስቦ ስለ ምን ቢያወራን ጥሩ ነው? ሥልጣንን ለሌላው ስለ ማካፈል። ከዚያ የማህበሩ ራዕይ የተጻፈበት ትልቅ ባነር ቢሮው ግድግዳ ላይ አሰቀለ።

ባነሩ ላይ ያለውን ለምለም ሽንኩርት አወቅኩት። አምና ከእኔ ማሳ ላይ ነው ፎቶ ያነሱት።