የገብስማው ላባ

ቤሩት ተቀጥሬ የሠራሁበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። መስኮት ሥር ተቀምጠው በትንንሽ መንጠቆዎች ላይ ላባ በክር ሲጠመጥሙ ይውላሉ። ዓሣው ዝንብ መስሎት እንዲውጠው ነው። እኔ ጠረጴዛውን እንድወለውል እንጂ አንዲት ላባ እንድነካ አይፈቀድልኝም ነበር። አትንኪ የተባልኩትን ነገር ሳልነካ ማደር ደግሞ አይሆንልኝም። ደብረ ታቦር ተመልሼ ፀጉር ቤት ስከፍት፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እሞክረው ጀመር።

ሹሩባ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ክር ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም። መንጠቆዋን በፒንሳ አስነክሼ፣ ፒንሳውን በላስቲክ ጠፍሬ፣ ስልኬን መስተዋቱ ላይ አስደግፌ በማላውቀው ቋንቋ የሚያስተምር ሰውዬ እያየሁ ተያያዝኩት። የመጀመሪያዋ ዝንብ ከወለል ላይ የተጠረገ ነገር መሰለች። ሁለተኛዋ አማረችልኝ። ደስ ብሎኝ ሳገላብጣት ግን የማጥመጃው ናይሎን ክር የሚገባበትን የመንጠቆዋን ቀዳዳ ራሱን ጠቅልዬ ደፍኜዋለሁ። ሦስተኛዋን አስቀምጬ ዞር ከማለቴ ብቻዋን ተፈታች።

ላባውም አስቸገረኝ። ከጎረቤት የለመንኩት ላባ፣ ዶሮው ሲነጭ የፈላ ውሃ ስለገባበት፣ ተለጣጥፎ አልነሣ አለ። ሽማግሌው ይወዱት የነበረው ደግሞ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረውን፣ እኛ ገብስማ የምንለውን፣ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና የአውራ ዶሮውን ሁሉ አንገት እየገለጥኩ፣ «ገብስማ የለም? ላባው ረዘም ያለ?» እያልኩ ዞርኩ። አንዲት የመንደራችን ሴትዮ ለካ እያየችኝ ኖሯል፤ ሰላም እንኳ ሳትለኝ አለፈች። ዶሮውን እንዲያርድልኝ የጠራሁት ሰውዬም፣ «የፈላ ውሃ ሳይነካው የአንገቱን ላባ ልንቀል» ስለው አማተበ።

እዚህ አገር ያላገባች ሴት ገብስማ ዶሮ ስታፈላልግ ከታየች ጠንቋይ አዟት ነው ይባላል። ስድስት ዓመት ሰው አገር ኖሬ ይህን ረስቼው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ፣ ወንዛዬ አጠገብ ካለው መንደራችን፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ከተፍ አለች። ሳትስመኝ ተቀመጠች።

«ባል ቢዘገይ ምን አለበት? እኔ አንድ ቀን ተናግሬሽ አውቃለሁ?» አለችኝ። «ጠንቋይ ቤት ምን አስኬደሽ፣ ልጄ? እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይኔ ልሂድ?»

ሳቄ መጣ። ሳላስረዳት ግን ተነሥታ ዕቃዬን ስትበረብር የቆርቆሮ ሣጥኔን አገኘችና ከፈተችው። ውስጡ ያለውን በእሷ ዓይን ያየሁት ያኔ ነው። የገብስማ ላባ፣ ቀይ ክር፣ ሹል ብረት፣ ለዝንቧ ሆድ ብዬ ከፀጉር ቤቴ የለቀምኩት የሰው ፀጉር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተተብትቧል። እኔም ብሆን መተት ነው እል ነበር። እናቴ ጠበሉን ሣጥኑ ውስጥ ረጨችና ማልቀስ ጀመረች። ሳቄ ጠፋ። ዓረብ አገር ሳለሁ ስሜ በተነሣ ቁጥር «ልጄን አውቃታለሁ» እያለች ከመንደሩ ሁሉ ጋር ስትሟገት የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን የምታውቀኝ አልመሰላትም፤ ያ አንጀቴን በላው።

«እማዬ፣ ዓሣ ልይዝበት እኮ ነው» አልኳት።

«በላባ?»

«በላባ።»

«ዓሣ ላባ ይበላል?»

«ነገ ጉማራ ወንዝ ወርደን በዓይንሽ እይው።»

ይበላ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። አፌ አስቀድሞ ገባበት።

ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ወንዙ መጥራት ጀምሯል። ሸምበቆዬን ይዤ ዝንቧን ውሃው ላይ ጣል አደረግኋት። እናቴ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አልነቀለችም። ሦስት ጊዜ እንደወረወርኩ ክሩ ተፈቶ ላባው ለብቻው ወንዙን ተከትሎ ሄደ። ሌላ አሰርኩ፤ እሱም ተፈታ። ሦስተኛ ላባ አውጥቼ እንደገና ማሰር ጀመርኩ።

«አምጪው እስኪ» አለችኝ።

ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ልል ክር ማየት አትችልም። መንጠቆዋን ተቀብላ አማተበችባት፤ ከዚያ ላባውን መልሳ፣ ክሩን አጥብቃ ዞር ዞር አድርጋ፣ ጫፉን በራሱ ሥር አሾልካ ሳበችው። እኔን ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ቋጠሮ ስትጨርስ መነጽር እንኳ አላደረገችም። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ሰው አገር የተማርሽው?» አለችኝ። ሰኞ ከመጣች ወዲህ ስትቀልድብኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልስማት ቃጣኝ።

ያቺኑ ወረወርኩ። ውሃው ቦጭረቅ አለና ሸምበቆው ጎበጠ። እኔ ስጮህ እናቴ ከእኔ ብሳ ጮኸች፤ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና ዓሣውን በነጠላዋ አፍሳ አወጣችው። ከክንድ ያነሰ፣ ሆዱ ነጭ ዓሣ ነው። አፉን ከፍታ ላባውን እስክታየው ድረስ አላመነችም። ካየችው በኋላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቤታችን በአቋራጩ ቅርብ ነው። እናቴ ግን ዓሣውን በሣር ሰክታ፣ መንጠቆዋን ከአፉ ሳታወልቅ፣ ትልቁን መንገድ ያዘች። በየበሩ እየቆመች አሳየች። ገበያ ላይ ያየችኝ ሴትዮ ደጅ ስንደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እስኪ ውጪማ! ልጄ ገብስማ የገዛችው ለዚህ ነው። ክሩን የቋጠርኩላት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ካወራሽ አይቀር የእኔንም ጨምረሽ አውሪ!»

ሴትዮዋ ከደጇ ብቅ ስትል እኛ ወደሚቀጥለው በር አለፍን።