አራት ፊኛ

ቀድሪያ የዩኒቨርሲቲ የግዴታ አገልግሎት ዓመቷን በማስተማር ልትፈጽም በ1964 ዓ.ም. ወደ ነጌሌ ስትመለስ፣ ከመምህራኑ ሁሉ ቀድሞ እጇን የጨበጣት ወልደየሱስ ነበር። በወጣትነቱ ከመንዝ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ሚስቱንም እዚሁ ቀብሮ የቀረ የሳይንስ መምህር ነው። የነጋዴ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ሳይንስን «ሀ» ብሎ ያስጀመራት እሱ ነው። «አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ዝቅ ስትልለት የወለዳት ያህል ኮራ።

ኩራቱ ግን ሳምንት አልቆየም። ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹ እየተጋፉ እስከ በር ድረስ ሲሸኟት አየ። እሱን እንደዚያ ሸኝቶት የሚያውቅ ተማሪ የለም። በዚህ ላይ ዳይሬክተሩ አቶ ሸዋንግዛው የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ተቆጣጣሪ ከአዋሳ መጥቶ እንደሚወስን ነገራቸው። ያ ክፍል የወልደየሱስ ነበር። ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ያ ክፍል ነው።

አንድ ቀን ቀድሪያ በክፍሉ በር ስታልፍ ሠሌዳው ላይ የሣለውን ሚቴን አየችው። ካርቦኑ መሐል፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች በአራት አቅጣጫ።

«ጋሼ፣ ሚቴን እኮ መስቀል አይደለም» አለችው መምህራን ክፍል ሲገናኙ።

«ታዲያ ምንድን ነው? ጨረቃ?»

መምህራኑ በሳቅ ፈነዱ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ይኸኛው ነው ያንገበገበው።

«የኤሌክትሮን ጥንዶች እንደ ጣውንት ናቸው» አለች። «አንድ ባል ቢሰበስባቸውም እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ እያንዳንዷ ከሌሎቹ የቻለችውን ያህል ትርቃለች። ሁለት ከሆኑ አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ። ሦስት ከሆኑ ግቢውን በሦስት ይካፈሉታል። ለሞለኪውል ቅርጽ የሚሰጠው ይኸው መሸሻሸታቸው ነው።»

«አራት ከሆኑስ? በአራቱ ማዕዘን ጎጆ ይቀልሳሉ። ያው መስቀል!»

«ጎጆ የሚቀለሰው መሬት ላይ ስለሆነ ነዋ! ሚቴን መሬት የለውም፤ ወደ ላይም መሸሽ ይችላል። ፊኛ ባገኝ አሳይዎት ነበር።»

 ወልደየሱስ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ተቆጣጣሪው ሊመጣ ሲል ቀድሪያ ወደ ወልደየሱስ መጣች። ለበዓል የመጣው ፊኛ ከአባቷ ሱቅ አልቋል። ዘበኛው አብዱባ ገበያ ሲወርድ እሷ ክፍል ውስጥ ናት። «አራት ፊኛ እንዲያመጣልኝ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ።» የልጆች መጫወቻውን ማለቷ እንደሆነ አላጣውም። ይሁንና አማርኛ የከብቱን የሽንት ከረጢትም ሆነ የልጆቹን መጫወቻ ያው «ፊኛ» ነው የሚለው።

«አብዱባ፣ ለቀድሪያ አራት ፊኛ አምጣላት» አለ። «ከሥጋ ቤት።»

አብዱባ ዱላውን ተደግፎ አየው። «የሽንቱን? ምን ታደርገዋለች?»

«ለኬሚስትሪ ነው።»

«ኬሚስትሪ ሽንት ነው እንዴ ጋሼ?»

«ሂድ አልኩህ! ከክርስቲያኑ ሥጋ ቤት አምጣ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሳያስባት ነው የተናገራት። ከአፉ ከወጣች በኋላ ግን አልመለሳትም።

በማግስቱ ቀድሪያ የምታስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ተቆጣጣሪው፣ ዳይሬክተሩና ወልደየሱስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ ቀድሪያ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፈታች። አራት የፍየል ፊኛ! ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እሷ በር ላይ ወደ ቆመው አብዱባ ዞረች።

«ከየት ነው?»

«ከክርስቲያኑ። ጋሼ ናቸው ያሉኝ።»

ፊቷን ወደ ወልደየሱስ መለሰች። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ጋሼ፣ እኔ አፌን አላስነካውም። ያስመጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ይንፉልኝ» አለች።

ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ተነሣ። በእስክሪብቶ ቀፎ አንድ በአንድ ነፋቸው፤ አንገታቸውን በክር አሰረና አራቱን አንድ ላይ ቋጠረ። በመስቀል ሊያጋድማቸው ጠረጴዛው ላይ ተጫናቸው። እጁን ሲያነሣ አንደኛው ተስፈንጥሮ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ተዘርግተው ተሸከሙት። ደግሞ ተጫናቸው። ደግሞ ተነሡ።

ተቆጣጣሪው ከመቀመጫው ብድግ አለ። ነገሩን ሁሉ የወልደየሱስ ፈጠራ አድርጎት ነበር። «ማስተማር እንዲህ ነው! ባገር ዕቃ! ልምድ ማለት ይኸው ነው!» አለ። አሥረኛ ክፍል በዚያው ለወልደየሱስ ተወሰነ። ወልደየሱስም «የእኔ አይደለም» አላለም። ቀድሪያ ጠመኔዋን ሰብስባ ወጣች።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ወልደየሱስ የቀድሪያን የጣውንቶች ምሳሌ ሲያስተምር፣ ሀሺ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ለምን እንደ ሦስቱ ጣውንቶች ግቢውን ተካፍሎ አልተዘረጋም?»

ወልደየሱስ ሠሌዳውን አየ፤ መጽሐፉን ገለጠ፤ «ነገ» አለ።

ያን ቀን በአሥር ሰዓት የቀድሪያ አባት ሱቅ ደጃፍ ቆመ። ቀድሪያ ለአንዲት ደንበኛ ስኳር እየመዘነች ነበር። ጥያቄውን ቶሎ ተናግሮ ሊገላገል ሀሺ እንደጠየቀው ቃል በቃል አቀረበው።

«አራተኛዋ ስላለች ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሣ። «ናይትሮጅን ለማንም ያላካፈለው ጥንድ አለው። ሃይድሮጅን ስላልያዘ የሌለ ይመስላል እንጂ፣ እንዲያውም ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ቦታ ይዞ ሦስቱን ወደ ታች የሚገፋቸው እሱ ነው።» ስኳሩን ጠቀለለች። «ቀጥሎ የውሃን ቅርጽ ይጠይቁዎታል። ይምጡ፤ እነግርዎታለሁ።»

ያቺ «ይምጡ» ሌሊቱን ሁሉ ስትቆረቁረው አደረች። ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

«አሥረኛ ክፍልን ለእሷ ይስጧት።»

«ምነው መምህር? ተቆጣጣሪው እንዲያ አመስግኖዎት?»

«ሐሳቡ የእሷ ነው። የእኔ መንፋቱ ብቻ ነው።»

ከተማው ደግነት ነው አለ። ደግነት አልነበረም። በየሳምንቱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ያስተማራትን ልጅ ከመጠየቅ፣ ክፍሉን ማጣት ቀልሎት ነው። የእሷን ዘጠነኛ ክፍል ተረከበ፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ከወዲያ ማዶ የቀድሪያ ተማሪዎች በሳቅ ሲያውካኩ፣ ጠመኔውን በአየር ላይ አቁሞ ያዳምጣል፤ የትኛው ሞለኪውል ላይ እንደደረሱ ይገምታል። ከዚያ ወደ ራሱ ተማሪዎች ዞሮ፣ «ዝም በሉ!» ብሎ ይጮኻል።

እነሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።