ከጭምብሉ በታች ያለው ጫማ

ዛሬ መንገድ መሃል ቆሜ «እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ። ስፔን አገር!

ልጄ የምትኖረው ቴኔሪፌ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ስፔኖች ደሴቲቱን ሲይዙ የቆረቆሯትን ከተማ፣ ላ ላጉናን ላሳይሽ ብላ ወሰደችኝ። የእንጨት ሰገነቱ፣ የድንጋይ መንገዱ ደስ ይላል።

ለካ የእነሱ ሕማማት ነው። ድንገት ከበሮ ተመታና፣ ከራስ እስከ ደረት በሾጣጣ ጨርቅ የተሸፈኑ ሰዎች ተሰልፈው መጡ። ከፊታቸው የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ እኔ ጫማ እመረምራለሁ።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቀበሌው ሰፈሩን ሰብስቦ እንዲህ የተሸፈነ ጠቋሚ በመካከላችን አሳለፈ። ሰውየው ጣቱን ወንድሜ ላይ ቀሰረ። ወንድሜ በዚያው ቀረ።

ጫማውን ግን እናቴም እኔም አወቅነው። ተረከዙ በመኪና ጎማ የተጠገነ፣ የጎረቤታችን ጫማ ነበር።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ስትለው ኖረች። እኔ ቀርቼላት ነበራ!

ዛሬ ከተሸፈኑት አንዱ እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ ነው የጮህኩት።

መዳፉ ላይ ከረሜላ ነበር። ለተመልካች ያድላሉ አሉ።

ልጄ «ማሚ፣ ምን ሆንሽ?» ትላለች። ከረሜላው እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

እስቲ የዚያ ዘመን ሰዎች ንገሩኝ፤ ከሰው ፊት በፊት ጫማውን የሚያይ ሌላም አለ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?