ደረጃ የምትወጣው ወንበር

ቤሪል ስተቢንስ በእንግሊዟ ግሪምዝቢ ከተማ አውቶብስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እጅ መስጠት የማታውቅ ሴት ናት። ባሏ ክላይቭ እግሩን ካጣ ወዲህ ፎቅ ወዳለው መኝታ ቤታቸው መውጣት አቅቶት ሳሎን ሶፋ ላይ ማደሩ ስላንገበገባት፣ ሰው ተሸክማ ደረጃ የምትወጣ የኤሌክትሪክ ወንበር አዘዘችለት። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ፣ ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ ከፈለች። ወንበሯ ሳትመጣ ግን ሱቁ ከስሮ ተዘጋ።

ገንዘቧን እንዲመልስላት ስትጠይቀው ካርዱን የሰጣት ባንክ፣ "ሻጩን ጠይቂ" ብሎ መለሳት።

"ተይው የኔ ሆድ፣ ሶፋውን ለምጄዋለሁ" አላት ክላይቭ።

"አንተ ልመደው! እኔ ብቻዬን መተኛት አልለመድኩም።"

በነጻ የሕግ ምክር የምትሰጠው ናስሪን ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። "ቤሪልዬ፣ በሕጉ እኮ ባንኩ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። በካርድ የከፈልሽው ቀብዱን ብቻ ቢሆንም፣ የሚመልሰው ሙሉውን ነው።"

ቤሪል ባንኩን የባንክ ደንበኞችን ቅሬታ የሚዳኝ ተቋም ዘንድ ከሰሰች። ተፈረደላትና ገንዘቧን አንድም ሳይጎድል አስመለሰች።

ሌላ ሱቅ ወንበሯን በገጠመላቸው ቀን ጎረቤት ሁሉ እያጨበጨበ ክላይቭ እንደ ንጉሥ ተንፈላሶ ወጣ። መኝታ ቤቱን ሲያይ ደነገጠ።

"ግድግዳውን መቼ ነው ሮዝ የቀባሽው?"

"አንተ የለህ፣ ማን ይከለክለኛል?" ብላ አቀፈችው።