ከአባቱ ስም ጎን

መነጽር ሠሪው አርባን ሲሻገር የዘሩን ሐረግ የማወቅ አምሮት ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ የዘር ቆጠራ ትምህርት ጀመረ፤ የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። «ከራሳችሁ ጀምሩ» አሉ በመጀመሪያው ቀን። «ከዚያ በሕይወት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፤ ሙታን የትም አይሄዱባችሁም። የሰማችሁትን ደግሞ ከሌላ ሰው አረጋግጡ።»

ሰፊ ወረቀት ገዝቶ ስሙን ጻፈ፤ ከላዩ የሟች አባቱን፣ ከዚያ የአያቱን። የአያቱ እናት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እናቱ ተኝተው ስለነበር ወደ ጓዳ ገባ። እሱ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ቤቱን የምታገለግለው ሴት ድንች ትልጣለች። ድምጿ ስለማይሰማ አባቱ «ጭምቷ» ብሎ ያወጣላት ስም በዚያው ጸንቶባታል።

«ጭምቷ፣ አያቴን ታውቂያቸው ነበር እንዴ?»

«አውቃቸው ነበር።»

«የእናታቸውን ስምስ ሰምተሽ ይሆን?»

ነገረችው። ሴትየዋ አንድ ዓይናቸው እንደማያይ፣ ግን ሳቂታ እንደነበሩም ጨመረችለት። እሱ እየጻፈ፣ «ይህን ሁሉ በምን አወቅሽ?» አለ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አያቴ ናቸዋ። አያትህ አባቴ ናቸው፤ እናቴ ግን ሚስታቸው አልነበረችም። እሷ ስትሞት አባትህ ወደዚህ አመጣኝ። ‹ሰው እስኪለምደው ለጊዜው ጓዳ ሁኚ› አለኝ። ጊዜው ረዘመ።»

ሠርጉ ትዝ አለው። ፎቶ አንሺው ሰዉን ሲደረድር ጭምቷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ጠጋ ብትል፣ «አንቺ ዞር በይ፣ የቤተሰብ ፎቶ ነው» ያላት እሱ ራሱ ነበር። ፈገግ ብላ የእንግዶቹን ቦርሳ ይዛላቸው ቆመች።

እናቱ ሲነቁ ጠየቃቸው። ብርድ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ «አባትህ አፈረ» አሉ። «እኔ ደግሞ ተመቸኝ፣ ልጄ። እህቱ ናት ብል ማን ሊያጥብልኝ ነው?»

ማታ ወንበር ሳበላት። «አክስቴ፣ ይምጡ አብረን እንብላ።»

«ኧረ ‹ይምጡ› ይቅርብኝ፣ እንግዳ ሰው ያናገረኝ መሰለኝ» አለች። ገበታው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቴ ቀመሰችና ተነሣች። በማግስቱ እሱ ሳህኑን ይዞ ጓዳ ገባ። ጎን ለጎን በሉ።

ቅዳሜ መምህርቷ ወረቀቱን አዩ። «ከአባትህ ጎን ያሉት እኚህ ማን ናቸው?»

«አክስቴ።»

«በሕይወት አሉ? ታድለህ! የት ነው የሚኖሩት?»

«እኛው ቤት» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ስለራሳቸው ምን አጫወቱህ?»

ስለሌሎች እንጂ ስለ እሷ አንድም ነገር አልጠየቃትም ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ልብስ ታሰጣለች። «እናትሽ ማን ትባል ነበር?» አላት። እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ነገረችው። እሷ አላለቀሰችም፤ ቀና ብሎ ማየት ያቃተው እሱ ነበር።